«መምህር፣ መቼ ብመጣ ይሻላል?»

ሰላም ወዳጆቼ፣ ሰላም የድሮ ተማሪዎቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና አስቀርባችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ በታክሲ ላይ የሚያልቅ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ መልእክት ላከልኝ። በ2000 ዓ.ም ዲፕሎማዬን ይዤ ማስተማር ስጀምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በጥያቄ ያስጨንቀኝ የነበረ ልጅ ነው። አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ልጆቹን ይዤ ልመጣ ነው። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ የትኛው ወር ይሻላል? ኢንተርኔት ላይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው የሚለው፤ በክረምት አትሂዱ ይላል። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን በእናንተ ክረምት ነው።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መልስ መስጠት አቃተኝ። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ የታሪክ መምህር ሲጠየቅ ከዛሬ አይጀምርም።

በቅድሚያ ኢንተርኔቱ አልተሳሳተም። ለአንድ ሳምንት መጥቶ ፎቶ አንስቶ ለሚሄድ ሰው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ፍኖተ ሰላም በሐሩር ክልል ውስጥ ናት፤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ11 ዲግሪ በታች። ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ሐሩር የሚባለውን ሙቀት አታውቀውም፤ ቡሬ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በእንዲህ ያለ አገር ወቅት የሚለየው በሙቀትና በብርድ ሳይሆን በዝናብ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ትክክል ታልፋለች፤ አንዴ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ። የሚያዝያዋን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ታቃጥለናለች። የነሐሴዋን ግን ማን አያት? ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ደመና ሆኖ ይሸፍናታል። ፀሐይ በጣም በቀረበችን ጊዜ ነው እኛ ጋቢ ደርበን እሳት ዳር የምንቀመጠው።

በ1950ዎቹ አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን ቱሪዝም ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር አወጡ። ግሩም መፈክር ነው፤ ስንት ፈረንጅ አምጥቷል። የሐምሌን ጨለማ የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ሲሰማው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ባሕረ ሐሳቡም ከእሱ ጋር ነው። በባሕረ ሐሳብ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25። (በቅንፍ፦ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን «ፀደይ» እያላችሁ የምትለጥፉ ተማሪዎቼ፣ እኔ እንደዚያ አላስተማርኳችሁም። መስከረም እስከ 25 ድረስ ክረምት፣ የቀረው መፀው ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከላይ «እንዴት ከረማችሁ» ብዬ ነው የጀመርኩት። በግንቦት ወር ምን «ከረማችሁ» ያሰኛል? ቃሉን አስቡት። ክረምት፣ ከረመ፣ ከርሞ፣ መክረሚያ። ለረጅም ጊዜ ያልተገናኘን ሰው «እንዴት ከረምክ» የምንለው መለያየት ማለት ድሮ ክረምት ማለት ስለነበረ ነው። ወንዙ ይሞላል፣ መልካው ይዘጋል፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ዘመድ እስከ መስቀል አታየውም። መስቀል ሲመጣ ትሻገርና «ከረማችሁ ወይ?» ትላለህ፤ ክረምቱን በሕይወት አለፋችሁት ወይ ማለት ነው። ሰላምታችን ውስጥ የተዘጋ መንገድ አለ።

ለነገሥታቱም እንደዚያው ነበር። ከጎንደር በፊት ንጉሥ በድንኳን ከተማ እየዞረ ነው የሚገዛው። በበጋ ይዘምታል፣ ዝናቡ ሲመጣ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ይከርማል። የእነ ሠርፀ ድንግልንና የእነ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊዎቹ ዓመታቱን የሚከተሉት ንጉሡ የት እንደከረመ እየመዘገቡ ነው። የክረምቱ ቦታ የዓመቱ ምልክት ነበር።

እስቲ በክፍል የሸመደዳችኋቸውን የጦርነት ቀኖች አስታውሱ። ለፈተና ቀኑን እንጂ ወሩን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860። እምባቦ፣ የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአባይ ማዶ የተማረኩበት፣ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግንቦት መጨረሻ 1874። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909። አንቺም መጋቢት 22 ቀን 1922፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928፤ ልክ በስድስት ዓመት፣ በዚያው ዕለት። አንዱም በሐምሌ የለም፣ አንዱም በነሐሴ የለም። ጄኔራል ናፒዬር ከመቅደላ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ ለመቆየት ያልፈለገው ኢትዮጵያን ስለጠላ አይደለም። ደመናውን አይቶ ነው። ሰኔ ላይ ሠራዊቱ መርከብ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ኢንተርኔቱ «ምርጥ የጉብኝት ወቅት» የሚለው ጊዜና አያቶቻችን የዘመቻ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው። መንገድ ሲደርቅ ለሁሉም ነው የሚደርቀው። ለእንግዳም፣ ለነጋዴም፣ ለሙሽራም፣ ለሠራዊትም፣ ለግብር ሰብሳቢም። ጎጃሜ ገበሬ በጥቅምት አዝመራው ሲያምር ደስ ይለዋል፣ በዚያው ዓይን ደግሞ መንገዱን ያያል፤ ማን እየመጣ እንደሆነ።

ክረምት ሁልጊዜ ሰላም ነበር ማለቴ አይደለም። ሠራዊቱ የከረመበት አገር መከራውን ያውቀዋል፤ ወታደሩ ገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይገባና የዘር እህል ሳይቀር ይበላል። ግን ሠራዊት ያልከረመበት መንደር ክረምቱን ከጭቃው ጋር ብቻውን ይሆናል። የሚያርስ ያርሳል፣ የሚያርም ያርማል፣ ገሳውን ለብሶ ከብት የሚጠብቅ ይጠብቃል። ማንም አይመጣበትም።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ፣ ለጉብኝት ብሎ የመጣ የመጀመሪያው ስመ ጥር እንግዳ ማን ይመስላችኋል? ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ የአባይን ምንጭ ግሽ አባይ ላይ ያየው በሚያዝያ 1610 ዓ.ም ነው። በጋ ነው፣ ጊዜውን አውቆበታል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ትምህርቱን በመከራ ነው ያገኘው። የመጀመሪያ ሙከራው በግንቦት 1762 ከራስ ሚካኤል ስሑል ሠራዊት ጋር ነበር። ጢስ ዓባይን አየ፣ አባይንም ተሻገረ፤ ምንጩ ጋ ግን ሳይደርስ ጦርነቱና የዝናቡ መምጣት ሠራዊቱን ወደ ጎንደር መለሱት፣ እሱም አብሮ ተመለሰ። ከዚያስ? ከረመ! እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ጎንደር ቁጭ ብሎ ከረመና፣ ዝናቡ ሲያልፍ የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን አስፈቅዶ ጥቅምት መጨረሻ 1763 ግሽ ደረሰ። በኮኮናት ቅል ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ሁለቱ ጉዞዎች መሃል ያለው ልዩነት ድፍረት አልነበረም። አምስት ወር ዝናብ ነው።

የአባይ ነገር ከተነሳ፣ የጥንት ግሪኮችን ሲያስጨንቅ የኖረ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። የዓለም ወንዝ ሁሉ በበጋ ሲጎድል አባይ ግብፅ ውስጥ በበጋ መካከል የሚሞላው ለምንድን ነው? ሄሮዶቱስ ብዙ ጽፎበታል፤ መልሱን ግን አላገኘውም። መልሱ እዚህ ነበር። የእነሱ ደረቅ በጋ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ማንኩሳ ላይ አንዲት እናት ከቤቷ ደጃፍ ላይ የምትጠርገው ጎርፍ ነው ግብፅ ሲደርስ ተአምር የሚባለው።

አሁን ደግሞ የከተማችንን ስም የሰጣት ጉዞ። ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበር የምትባለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ ነው ያለፉት፤ «የሰላም መንገድ» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ያን ጉዞ ግን በወቅት ዓይን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ንጉሡ ከሱዳን ድንበሩን የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ነው፤ የጥምቀት ማግስት። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27። መካከሉ በሙሉ በጋ ነው። ከሱዳን ጭነት ተሸክመው የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች የጎጃምን ዳገት አልቻሉትም፤ አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ያም ሆኖ ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን አልቆመም፤ ዝናቡ ከመጣ ሁሉ ነገር እንደሚቆም ያውቃል። ጣሊያን ቡሬን የካቲት 25 ለቀቀ። ደብረ ማርቆስ ንጉሡ መጋቢት 28 ገቡ። ነገሩ ከጣሊያን ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰኔ ጋርም ሩጫ ነበር። ሩጫው ላይ ያልደረሰው ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 በጣሊያን እጅ ቆየ። በመካከሉ ምን አለ? ክረምት አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከንጉሡ ቀድሞ የገባው ሰው ነው። ኮሎኔል ሳንድፎርድ ይባላል፤ ከወረራው በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ እርሻ ነበረው፣ አገሩን ያውቃል። ጥቂት ሰዎች ይዞ ድንበሩን የተሻገረው ነሐሴ 6 ቀን 1932 ነው። ነሐሴ! ማንም «ምርጥ ወቅት» የማይለው። ወንዙ ሞልቷል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ወባ አለ። ግን ነሐሴ ላይ የጣሊያን መኪና ይሰምጣል፣ አውሮፕላኑም ደመና ስር ያለውን አያይም። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያን ክረምት፣ ከዚያ በፊት ያለውንም ክረምት፣ ከዚያ በፊት ያለውንም እዚሁ ጎጃም ጫካ ውስጥ አሳልፈውታል። ለአርበኛ ክረምት ምሽጉ ነበር። ሳንድፎርድ በበጋ እስኪመቸው ቢጠብቅ ኖሮ በጥር ንጉሡን የሚቀበል የተዘጋጀ አገር ላይኖር ይችል ነበር። የሚመች ጊዜ ሌላ፣ የሚያስፈልግ ጊዜ ሌላ።

እሺ፣ ታሪኩ ይብቃ። «መምህር፣ እኛ የጠየቅነው ምን እንደሚበላ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ጥቅምት ከመጣችሁ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ የኑግ አበባ ነው፤ ቢጫ፣ በዓይን የማያልቅ። የባቄላና የአተር እሸት ይደርሳል። ማታ ማታ ይበርዳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለነገር አይደለም። ኅዳር የበርበሬ ወር ነው። የቡሬንና የጃቢ ጠህናንን በርበሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ወጥ በልቻለሁ አይበል። በየግቢው መሬት ላይ ተሰጥቶ ሲታይ አገሩ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈለት ይመስላል፤ ስታልፉ ታስነጥሳላችሁ። ከዚያ አይሱዙ ተሰልፎ ይጭነዋል። ታኅሣሥ ውድማ ነው። ጥር ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ጥር 13 ግሽ አባይ ላይ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል፣ ጥር 23 ደግሞ ከእኛ ወደ ላይ ኢንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች። ጥርን የሚያህል ወር የለም ብትሉኝ አልከራከርም። የካቲትና መጋቢት አቧራ ነው፤ ከብቱ ይከሳል፣ ምንጩ ይቀጥናል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል። ፈረንጅ «ፀሐያማ» የሚለው እሱን ነው። እኔ በበኩሌ መጋቢትን አልወደውም፤ ጠመኔና አቧራ አንድ ላይ ሳንባዬን ይጨርሱታል።

ክረምትስ? እውነቱን ልንገራችሁ። ሐምሌ ከባድ ነው። ጠዋት ጉም፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ጩኸት። ልብስ አይደርቅም። ባጃጅ ከአስፋልት ወርዶ አይገባልህም፤ ቢገባም ገፍተህ ነው የምታወጣው። ጎተራው ባዶ የሚሆነውም ያኔ ነው፤ የአምናው እህል ያልቃል፣ የዘንድሮው አልደረሰም። ድሮ እንግዳ በክረምት ሲመጣ ባለቤቷ የምትጨነቀው በጭቃው አይደለም፤ ምን ላብላው ብላ ነው። «በክረምት አትምጡ» ሲባል ግማሹ ይሉኝታ ነው። ይህን ኢንተርኔት አይጽፈውም።

ነሐሴ ግን ሌላ ነው። ቶሎ የተዘራ በቆሎ እሸቱ ይደርሳል። የፍልሰታ ጾም ነው፤ መንደሩ ጸጥ ይላል። በነሐሴ 12 ማታ ልጆች ጅራፍ እያስጮኹ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ በየቤቱ ሙልሙል ይጋገራል። አገሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። የገጠር ልጅ ሆኜ ሳድግ፣ ከተማ ተከራይቼ ስማር፣ አርብ አርብ ስንቅ ለማምጣት የምሄድበት ያ የበጋ መንገድ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ክረምቱ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጣሪያ ስር የሚሆንበት። ነገሩን ካሰባችሁት የትምህርት ካላንደራችንም የተሠራው በዚሁ ነው፤ መስከረም ይከፈታል፣ ሰኔ ይዘጋል። አገሪቱ ልጆቿን ለክረምት ወደ ቤት ትመልሳለች።

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ለምን ሁለት ቀን ዝም አልኩ?

ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው አይደለም። በ2015 ዓ.ም፣ ሰኔ ላይ፣ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ትልቁ ልጁ ብቻ ነበር የተወለደው። ለሐምሌ ትኬት ሊቆርጥ ነው። እናቱ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው የሚኖሩት፤ በመካከሉ ወንዝ አለ፣ ድልድይ የለውም። እኔ እንደ አዋቂ ሆኜ ምን አልኩት? «በሐምሌ ሕፃን ይዘህ የት ትገባለህ? ጥቅምት ይሻላል። ያኔ መንገዱ ይደርቃል፣ አገሩም ያምራል፤ ከሥራህ ፈቃድ ጠይቅና በጥቅምት ና።» ሰማኝ። መምህሩ ነኝና ሰማኝ። ለእናቱም እኔው ነኝ የነገርኳቸው፦ «በጥቅምት ይመጣል።»

በዚያ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥቅምት መጣ፤ ዝናቡ ቆመ፣ ኑጉ አበበ፣ ጭቃው ደረቀ። መንገዱ ግን በሌላ ምክንያት ተዘጋ። ታሪክ አስተምራለሁ፤ መንገድ ሲደርቅ ማን እንደሚመጣበት ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ለፈተና ነው እንጂ ለምክር አላወቅኩትም መሰለኝ።

ተማሪዬ እስከ ዛሬ አልመጣም። አንድ ጊዜም አልወቀሰኝም፤ ይህ ነው የሚከብደው። እናቱ ግን ገበያ ሲወጡ በቤቴ ያልፋሉ። ጤንነቴን ይጠይቃሉ፣ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው ይጠይቁኛል፦ «መምህር፣ ያ ጥቅምት መቼ ነው የሚመጣው?» እየቀለዱ ነው አይባል፣ እየወቀሱ ነው አይባል። እስቃለሁ፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ከሄዱ በኋላ ቡናው አይወርድልኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው። በግል ልልክልህ ነበር፤ እንደ አንተ ለሚያመነቱ ሌሎች ልጆቼም ይጠቅማል ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

በነሐሴ ና። ነሐሴ መጀመሪያ ድረስና እስከ ፍልሰታ ፍቺ ቆይ፤ ልጆቹ ለትምህርታቸው ይደርሳሉ። ዋናው መንገድ እንደ ድሮው አይደለም፣ አስፋልት ነው፤ ክረምት ከበጋ አይለየውም። የሚለየው ከአስፋልቱ ወርደህ ያለው ሁለት ሰዓት ነው። እሱን በጠዋት ነው የምንሄደው፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፣ ወንዙም የሌሊቱን ጎርፍ አሳልፎ ረፋድ ላይ ይጎድላል። ካልጎደለ ተቀምጠን እንጠብቀዋለን፤ አያቶቻችን ሦስት ወር ጠብቀውታል፣ እኛ ሦስት ሰዓት አያቅተንም። ትንሹን እኔ አዝለዋለሁ። ለትልቁ በቅሎ አስይዣለሁ። ሻንጣ አታብዛ፣ ነጭ ጫማ አታምጣ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ስለ ወባ መድኃኒት ጠይቁ፤ ይህን አደራ።

ከመነሳትህ ሳምንት ሲቀርህ ግን ደውልልኝ። የመንገዱን ነገር ሾፌሮቹን ጠይቄ እነግርሃለሁ። ጥሩ ካልሆነም ጥሩ አይደለም እልሃለሁ፤ ላስደስትህ ብዬ አልዋሽህም። ያኔ ሌላ ወር እንፈልጋለን። ጭቃ ነው ብዬ ግን ሁለተኛ አላስቀርህም።

ለእናትህ ትናንት ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ... «ከጓሮ ያለውን ቶሎ የሚደርሰውን በቆሎ ዛሬውኑ ብዘራው ይደርስ ይሆን?» አሉኝ። ይደርሳል አልኳቸው። ልጆቹ የተጠበሰ ነው የተቀቀለ የሚወዱት ብለው ደግሞ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው።

እሱን ጻፍልኝ። የልጆቹን የጫማ ቁጥርም ላክልኝ፤ ቦቲ እዚሁ ገበያ አለ፣ ሰኔ ሲገባ ግን ትንንሹ ቁጥር ቶሎ ያልቃል።